ቆዳው እስኪሞቅ

አትምታው፣ ቆይ ገና፣ ቆዳው አልሞቀም፤
ብርድ የያዘው ራቫን ቢመቱት አይጠቅም፣
ትል ነበር አዜሊን በካሲስ ጉራንጉር፣
ጋዜጣ አቀጣጥላ ከቆርቆሮው በር።
የፍየሉን ቆዳ ከነበልባሉ ላይ
እንደ ሕፃን ገላ ስታገላብጥ ሳይ፣
በጥፍሯ ነካ አርጋ፣ ጆሮዋን አስጠግታ፣
«ገና ነው» ትላለች፣ «ገና ነው፣ አንድ አፍታ።»

መርከባችን ታማ ፖርት ሉዊ ቆመን፣
አሥር ቀን ሞተሯን ስንፈታ ሰንብተን፣
ቅባት ባልለቀቀው እጄ ቢራ ይዤ
ከደጇ ተቀመጥኩ በከበሮው ፈዝዤ።
«መነሻው ከየት ነው?» ብዬ ብጠይቃት፣
ሳቀች በሁለቱ ጥርሶች በቀሯት።

«መነሻ ያለው ወንዝ ነው፤
ይሄ በመርከብ ሆድ መጣ፣
ከማዳጋስካር ከተሰረቀ፣ ከሞዛምቢክ ስም ካጣ።
አንዱ የሌላውን ቋንቋ አይሰማ፤
ሸንኮራ ሲቆርጥ ውሎ፣ ሲመሽ፣ በጨለማ፣
የሚግባባበት ቢያጣ
የእጁን አንጓ ትርታ ቆዳ ላይ አወጣ።
ስለ አንድ አውራ ዶሮ ዘፈኑ፤ ስቡ የከበደው፣
ጎህ ሲቀድ የማይጮህ፣ አጥር ላይ መውጣት ያቃተው።
ጌታው በረንዳ ላይ ሮሙን ጨብጦ ሳቀ፤
ዶሮው ማን እንደሆነ ከእሱ በቀር ሁሉም አወቀ።»

በጋዜጣው ጠርዝ ላይ ጻፍኩላት በእስክሪብቶ፤
ሰጋ እና ሴጋ፣ ጎን ለጎን፣ ፊደሉ ጎልቶ።
«በእኛ ቋንቋ ይሄ ፈራ ነው፤ ዘፈንሽ ይሄኛው፤
እግሩ ላይ ቀለበት አለችው ሁለተኛው።»
አጎንብሳ ቆየች።
«ቀለበት ያለበት ይጨፍራል?
የሌለበት ይፈራል?»
«ፊደሉ እንዲህ ነው» አልኩ።
«ልክ ጽፈውታል» አለች፤
ወረቀቱን እሳቱ ላይ ጨመረች።

ስትጨፍር እግሯ ከመሬት አይነሳም፤
አሸዋ እየገፋ ይሄዳል እንጂ።
ሰንሰለት ነው ምክንያቱ ያሉ አሉ፤
አሸዋው ነው ያሉም አሉ።
እሷ ግን፣ «ምድሩን ረግጠን ካልያዝነው
ይወስዱታል» ትላለች።

ወሰዱትም።
ፔሮስ ባንሆስ፣ የተወለደችበት፣ ኮኮናት የፈለፈለችበት፤
አንድ ማለዳ መርከብ መጣ፤ ደሴቱ ተሽጧል ተባለ፤
ለሰው አንድ ሳጥን፣ አንድ ፍራሽ፤
ውሻ አልተፈቀደም።
ራቫኑን ሲያዩባት «ሰፌድ ነው» አለች፣ «ሩዝ ማንፈሻ።»
አሳለፏት።
ስድስት ቀን በማዕበል፣ ቆዳው ጨው ጠጥቶ አበጠ፤
በስድስተኛው ሌሊት ሊያሞቁት ቢሹ
የመርከቡ ሹም ክብሪቱን ቀማ።

እሷን እዚህ ጣሏት፤ ዜማው ግን ሥፍራ አልበቃውም፤
ሮድሪግስ ቀድሞ አኮርዲዮን ሰጥቶት ነበር፣ አላሳፈረውም፤
ሆቴል ገባና አበባ ቀሚስ ለበሰ፣
ለቱሪስት እየሳቀ፣ ከእራት በኋላ አለቀሰ፤
ካሴት ሆኖ በሻንጣ ማርሴይ ላይ ወረደ፣
ከጋራዥ ሬዲዮ ወጥቶ የናፍጣ ሽታ ለመደ።

የልጇ ልጅ ዊልሚን እንግሊዝ ነው፣ ክሮሊ፤
አውሮፕላን ማረፊያ ወለል ይወለውላል።
እሳት መለኮስ ክልክል ነው ከሚኖርበት ፎቅ፤
ራቫኑን በፀጉር ማድረቂያ ነው የሚያሞቅ።
ይህን ስትሰማ ተቆጣች፤
«እንደ ሙሽራ ጠጉር!» እያለች፣
ምራቋን ወደ አመዱ እንትፍ አለች።

ሆኖም እሁድ ማታ ስልኩ ሲጮህ
እጇን አንስታ ሰፈሩን ዝም አሰኘች፤
የዶሚኖ ተጫዋቾቹ ጠጠራቸውን ያዙ፤
የጎረቤት ሬዲዮ ጠፋ።
ከባሕሩ ማዶ አንድ ጥፍር
አንድ ቆዳ ነካ።

ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች።
«ገና ነው» አለችው።